የዕፅዋት ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ፍራንጂፓኒን መለየትና ማብዛት

ክበባችንን «አበባ የሚያጠጡ ልጆች» እያላችሁ ለምትጠሩ ሁሉ፦ የዘንድሮው ዋና ሥራችን ውሃ አለማጠጣት ነበር።

ስብሰባው፣ ምርጫውና የተራ ድልድሉ እንደ ወትሮው ሄዷል፤ ልለፈው። የዓመቱ ተክላችን በሳይንሳዊ መጠሪያው ፕሉሜሪያ የሚባለው የአበባ ዛፍ፣ ፍራንጂፓኒ ነበር።

ለጉብኝት በወጣንበት ዕለት ነጭ ሆኖ መሐሉ ቢጫ የሆነ አበባ ያላቸው ሁለት ዛፎች ጎን ለጎን ቆመው አገኘን። ልጆቹ «አንድ ዓይነት ናቸው» ብለው መዝግበው ሊያልፉ ሲሉ፣ ክፍል ውስጥ እጇን እምብዛም የማታወጣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ከየዛፉ ሥር የወደቀ ቅጠል ለቅማ መሬት ላይ ደረደረች። የአንዱ ጫፍ ሹል ነው፤ የሌላው ድቡልቡል፣ የሚያብለጨልጭና ጠቆር ያለ አረንጓዴ። ሹሉ ፕሉሜሪያ ሩብራ፣ ድቡልቡሉ ፕሉሜሪያ ኦብቱዛ ነው። ሩብራ ቀይ፣ ሮዝ፣ ቢጫም ነጭም ስለሚያብብ ቀለም ብቻውን አይለየውም። ጓደኞቿ ክርክሩን ትተው መዝገባቸውን ሲያርሙ ማየት ደስ ያሰኛል!

ማብዛቱ እንዲህ ነው። ግራጫ መልክ የያዘ የበሰለ ቅርንጫፍ ከ30 እስከ 40 ሳ.ሜ. ይቆረጣል። ከተቆረጠው የሚፈሰው ወተት መሰል ፈሳሽ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ጓንት ግድ ነው። ትልልቆቹ ቅጠሎች ይነሱና ቁራጩ የተቆረጠበት አፍ እስኪደርቅ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ ይቆያል። ከዚያ ሻካራ አሸዋ በበዛበት አፈር ከ8 እስከ 10 ሳ.ሜ. ጠልቆ ይተከላል። ከእንጨት ጋር ይታሰራል፤ ከተወዛወዘ አዲሱ ሥር ይበጠሳል። አንዴ ከጠጣ በኋላ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ጥቂት ይጨመርለታል፤ ቅጠል የሌለው ቁራጭ ውሃ ስለማይጨርስ ከሥሩ ይበሰብሳል።

የደረሰብንም ይኸው ነው። በዕረፍቱ ሰሞን አንድ ደግ ሰው በየቀኑ አጠጣልን፤ ከፊሎቹ ከሥር ጠቁረው ለሰለሱ። ንጹሕ ነጭ እንጨት እስኪታይ ድረስ ቆርጠን እንደገና አድርቀን ከተከልናቸው የተረፉ አሉ። ቅጠል ጀርባ ላይ ብርቱካንማ ዱቄት የሚረጨው ዋግም ጎብኝቶናል፤ የታመመውን ቅጠል ለቅመን አስወገድን፣ ከዚያ ወዲህ ውሃ የምናፈሰው ከሥር ብቻ ነው።

«አበባው የታለ?» ለሚሉን፦ ከዘር የበቀለ ፍራንጂፓኒ እስኪያብብ ሦስት ዓመት ገደማ ሊቆይ ይችላል፤ እናቱንም ላይመስል ይችላል። ቁራጭ ግን እናቱን ይመስላል፣ ቶሎም ያብባል። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ አትስጡብን፤ ቅጠሉን እያወፈረ አበባውን ያስቀራል።

ይህ ሁሉ የተሠራው ተራ እየተጠበቀ በአንድ ደነዝ ቢላ ነው። ደነዝ ስለት ግንዱን ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀው ደግሞ ለመበስበስ ይፈጥናል። የኳስ በጀት በማይጓደልበት ትምህርት ቤት ሁለት የአትክልት መቀስ፣ ስለት መጥረጊያ አልኮልና ጥቂት አጉሊ መነጽር መጠየቅ ብዙ አይመስለኝም። አሮጌ ባልዲ ያላችሁ ወላጆችም ላኩልን፤ ከሥሩ መብሳቱን ልጆቹ ያውቁበታል።