«አቤት» ላሉኝ እናትና አብረውኝ ለቆሙት ሁሉ

የሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። የማንንም ስም አልጠራም፤ የማመሰግናችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ላልሰማ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ሜዲካል ዋርድ ለፕራክቲስ ወጥተን ነበር። ክፍሉ ውስጥ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት እናቶች ተኝተዋል። አንደኛዋ ስኳር፣ ሌላዋ የሳንባ ምች። ማታ በመስኮቱ ብርድ የተነሳ አልጋ ተቀያይረዋል። ሲስተር ለሌላ በሽተኛ ተጠርተው ሲወጡ መጠበቅ ነበረብኝ። አልጠበቅኩም። የአልጋውን ቁጥር አይቼ ስም ጠራሁ። «አቤት» አሉኝ። ወጋኋቸው። 10 ዩኒት ኢንሱሊን፣ የደም ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት፣ ስኳር ለሌለባቸው ሰው።

ትክክለኛው በሽተኛ፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ መንገድ፣ ሰዓት። መድኃኒት ከመስጠት በፊት የሚረጋገጡትን እነዚህን አምስቱንም ለፈተና ሸምድጃቸው ነበር። ስም ግን አይጠራም፣ ይጠየቃል፤ እስከነ አባት፣ ከካርድ ቁጥር ጋር። እኛ አገር እኮ ሰው ሲጠራ አቤት ማለት ጨዋነት ነው፤ የታመመ ሰው ደግሞ በደንብ ሳይሰማም ይላል።

የነቃሁት ቻርቱ ላይ ልፈርም ስል ነው። እጄ በረዶ ሆነ። እውነቱን ልናገርና፣ ለጥቂት ሰከንድ «ዝም ብል ማን ያውቃል?» ብያለሁ። እስከዛሬ ከስህተቱ በላይ የምታሳፍረኝ ያቺ ሐሳብ ናት።

ሲስተር፣ ሮጬ መጥቼ ስነግርዎት አልጮሁብኝም። «መጀመሪያ እሳቸው፣ አንቺ ትደርሻለሽ» አሉኝ። እማማን ላብ ሲያጠምቃቸውና ስኳራቸው ወርዶ 52 ሲገባ፣ ፎርቲ ፐርሰንት ግሉኮሱን አስቀድመው አዘጋጅተውት ነበር። እስከ ማታ በየግማሽ ሰዓቱ ሲለኩ አጠገብዎት አቆሙኝ። ውጪ ብለውኝ ቢሆን ኖሮ ተመልሼ የምገባ አይመስለኝም።

መምህሬ፣ ሪፖርቱን አብረውኝ ስለጻፉ አመሰግናለሁ። አልበርት ዉ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2000 «ሁለተኛው ተጎጂ» ብሎ፣ ከበሽተኛው ቀጥሎ ስህተቱን የሠራው ባለሙያም እንደሚጎዳ ስለጻፈው የነገሩኝም እርስዎ ነዎት። ስህተት የሠራን ጓደኛቸውን ሐኪሞች እንዴት እንደፈረዱበት አይቶ ነው የጻፈው። ቃሉ ግን አሁንም ይከብደኛል። ያለቀሱት እማማ እያሉ እኔን ተጎጂ ማለት ምን ያህል ያስኬዳል?

የዶርም ጓደኛዬ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌሊት ስባንን አብረሽኝ ተነስተሻል። መርፌ ስይዝ እጄ ሲንቀጠቀጥ ለማንም አላወራሽም። ከካፌ ደብቀሽ ያመጣሽልኝን ዳቦም አልረሳውም።

ዶክተር፣ ተማሪ እያሉ የሠሩትን ስህተት ኮሪደር ላይ ቆመው ነገሩኝ። አምስት ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

የእማማ ልጅ፣ ተቆጥተሽኛል። «እናቴን ልትገድያት ነበር» ብለሽኛል። ልክ ነሽ። በሦስተኛው ቀን «ዛሬ ደግሞ ምን ልትሰጫት ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ፣ ስመልስልሽ እስከ መጨረሻው ስለሰማሽኝ አመሰግንሻለሁ።

እማማ፣ ይቅርታ ስጠይቅዎት «ልጄ፣ እኔስ ለምን አቤት አልኩ?» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ሲወጡ ለፋሲካ ነይ ብለውኛል። እመጣለሁ። በሩ ላይ ግን ስምዎትን እስከነ አባትዎ እጠይቅዎታለሁ።