የመምህር ደመወዝ በተማሪ ማርክ ይለካ ለሚሉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር «ተማሪ ካላለፈ መምህሩ ለምን ሙሉ ደመወዝ ይከፈለዋል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መነሻው አይገርምም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች እስከ 2017ቱ ድረስ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በየዓመቱ 3.3፣ 3.2፣ 5.4 እና 8.4 በመቶ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ይህን ቁጥር ይዞ የመምህሩን ደመወዝ መቁረጥ ወይም መጨመር ግን ሒሳቡ አይገጥምም።

የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ መምህር ተማሪውን የሚያገኘው ለአንድ ዓመት ነው። ፈተናው የሚጠይቀው የዓመታት ክምችት ነው፤ ጥያቄውን አንብቦ ለመረዳት የሚያስፈልገው እንግሊዝኛም የዚያ መምህር ሥራ አይደለም። በዚህ ላይ ዕድል አለ። 60 ተማሪ ባለበት ሴክሽን የተማሪዎቹ ማርክ ከአማካዩ በ12 ነጥብ ገደማ ወዲያና ወዲህ የሚበታተን ከሆነ፣ መምህሩ አሠራሩን ሳይለውጥ የክፍሉ አማካይ ከዓመት ዓመት በ3 ወይም በ4 ነጥብ ሊወጣና ሊወርድ ይችላል። 41 ያመጣውን ሴክሽን መምህር ሸልሞ 38 ያመጣውን መቅጣት ሎተሪ እንደማውጣት ነው።

ክፍያው «50ና ከዚያ በላይ ያመጡ ተማሪዎች ብዛት» ላይ ከታሰረ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። መምህሩ ጊዜውን የሚያጠፋው ከ42 እስከ 49 በሚያመጡት ላይ ይሆናል። 20 የሚያመጣውን ደክሞ 35 ቢያደርሰው የሚቆጠርለት የለም፤ 70 የሚያመጣውንም ማንም ዞር ብሎ አያየውም። በአጥራቸው ላይ «100 በመቶ አሳለፍን» የሚል ባነር የሚሰቅሉ አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ደካማውን ከፈተናው በፊት መልቀቂያ ሰጥተው እንደሚሸኙት ደግሞ ወላጅ ሁሉ ያውቃል።

ማጭበርበሩን ማንሣት የግድ ነው። ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ የወጣው ስርቆትና ኩረጃ ስላስቸገረ ነው፤ ያኔ ጥቅሙ የተፈታኙ ብቻ ነበር። የፈታኙ ኪስም ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን የአሜሪካዋ አትላንታ ከተማ አሳይታለች። በ2011 እ.ኤ.አ. የጆርጂያ ግዛት መርማሪዎች በ44 ትምህርት ቤቶች 178 መምህራንና ርዕሰ መምህራን በውጤት ማጭበርበር መሳተፋቸውን ይፋ አደረጉ፤ ፍንጩ በመልስ ወረቀቶች ላይ ከስህተት ወደ ትክክል የተለወጡት መልሶች መብዛት ነበር። እኛ ዘንድ ላጲስ እንኳ አያስፈልግም። ተከታታይ ምዘናውን የሚያወጣው፣ የሚያርመውና ሮስተሩን የሚሞላው ያው መምህር ነውና ደመወዙ በዚያ ማርክ ከተወሰነ በመንፈቁ መጨረሻ ሰነፍ ተማሪ አይኖረንም።

ነገሩ በተግባር ተሞክሯል። በምዕራብ ኬንያ ቡሲያና ቴሶ አውራጃዎች በ50 ትምህርት ቤቶች በተማሪ ውጤት ለመምህራን ሽልማት ተሰጠ። ለሽልማቱ በሚቆጠረው ፈተና ውጤቱ ከፍ አለ፤ በሌላ ፈተና ግን አልታየም፣ ፕሮግራሙ ሲያበቃም ጠፋ። የመምህራኑ መቅረት አልቀነሰም፤ የበዛው የፈተና ዝግጅት ክፍለ ጊዜ ነው። በህንዷ አንድራ ፕራዴሽ ግን የተማሪዎች አማካይ ከ5 በመቶ በላይ ላደገበት ለእያንዳንዱ የመቶኛ ነጥብ 500 ሩፒ ተከፈለ፤ ፈተናውን የሰጠው የውጭ አካል ነበር። ውጤቱ ተሻሻለ፣ ክፍያ ባልታሰበባቸው ትምህርቶችም ጭምር። እዚያም ቢሆን የሚቀር መምህር መቅረቱን አልተወም፤ የተለወጠው ክፍል የገባው መምህር ሥራ ነው። በታንዛኒያ በ350 ትምህርት ቤቶች በተደረገው ሙከራ ለትምህርት ቤቱ ብቻ የተሰጠ ገንዘብ ለውጥ አላመጣም፤ ገንዘቡና የመምህሩ ማበረታቻ አንድ ላይ ሲሄዱ ግን ውጤቱ በግልጽ ከፍ አለ። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ተሟልቶ ባልደረሰበት ክፍል ማበረታቻ ብቻውን ምን ይሠራል?

ስለዚህ መንግሥት መሞከር ከፈለገ የ12ኛ ክፍልን ይተወውና ከ2ኛ እስከ 4ኛ ክፍል፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ንባብና በሒሳብ ይጀምር። አንድ መምህር አንድ ሴክሽን ሙሉውን በሚይዝበት ትምህርት ቤት የማን ሥራ እንደሆነ አያከራክርም። ልጆቹ ምዝገባው ሲረጋጋ በጥቅምት፣ ከዚያም በግንቦት መጨረሻ ይፈተኑ፤ በሁለቱም ጊዜ በራሳቸው ፈረቃ፣ ምክንያቱም ጠዋት የተፈተነና በረሃብ ከሰዓት የተፈተነ ልጅ አይወዳደሩም። ንባብ የሚለካው አንድ በአንድ በማስነበብ ነው። ለአንድ ልጅ 10 ደቂቃ ቢያዝ 60 ልጅ 10 ሰዓት ይወስዳል፤ ሁለት ፈታኝ ከተመደበ 5 ሰዓት። ፈታኞቹ ከሌላ ወረዳ ይምጡ፣ የጥቅምቱና የግንቦቱ ምንባብ ይለያይ ግን ክብደቱ እኩል ይሁን፣ ወረቀቱ ተቆጥሮ ገብቶ ተቆጥሮ ይውጣ። ያው ምንባብ ከተደገመ ልጆቹ በቃላቸው ይወጡታል። በ1862 እ.ኤ.አ. ውጤት እየታየ መክፈል የጀመረችው እንግሊዝ ይህን አይታለች፤ ልጆች መጽሐፉን ሸምድደው ለተቆጣጣሪው «ያነቡ» ነበር።

የሚቆጠረው የእያንዳንዱ ልጅ ዕድገት ይሁን፤ ከ10 ወደ 20 የሄደውና ከ60 ወደ 70 የሄደው እኩል። በጥቅምት ተፈትኖ በግንቦት የጠፋ ልጅ ዜሮ ዕድገት ይያዝበት፣ ካልሆነ ደካማው በፈተናው ቀን «ታሞ» ይቀራል። መልቀቂያ ወስዶ በተዛወረበት ትምህርት ቤት መመዝገቡ የተረጋገጠው ብቻ ከሒሳቡ ይውጣ። ንጽጽሩ የገጠሩ ከገጠር፣ የከተማው ከከተማ ጋር ሆኖ የሁለት ዓመት አማካይ ይወሰድ።

መነሻ ደመወዝ አይነካ፤ የደረጃ ዕድገትም ከዚህ ጋር አይያያዝ። ማበረታቻው በዓመት ከአንድ ወር ደመወዝ ባይበልጥ ይበቃል፤ የህንዱ በአማካይ ከዓመት ደመወዝ 3 በመቶ ገደማ ነበር። መቅረትን ግን በዚህ መንገድ ማስቆም አይቻልም፤ እሱ የርዕሰ መምህሩና የሱፐርቫይዘሩ የዕለት ቁጥጥር ነው። ገንዘቡም ልጆቹ በጥቅምት ከመፈተናቸው በፊት በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ። መደበኛ ደመወዝ በወሩ በማይደርስባቸው ወረዳዎች ሙከራው ባይጀመር ይሻላል፤ እዚያ መጀመሪያ የሚከፈለው ውዝፉ ነው።