ሦስት ቀን ያሳሰረችህ ማርሽ

ውድ አባዬ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔም ልጆቹም ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የግፊት መድኃኒትህን ለጥምቀት ከሚገባ ሰው ጋር ልኬዋለሁ። ጠዋት ጠዋት አንድ ነው፣ ከቁርስ በኋላ። እማዬ «ይረሳል» ስላለችኝ ነው የምደግመው፤ አትቆጣ።

ባለፈው በስልክ የጀመርኩልህን ጨዋታ ኔትወርኩ ቆረጠብን። በስልክ የሚያልቅም አይደል፤ ይኸው ጻፍኩልህ።

ቅዳሜ ማታ ከሃዋርድ ቲያትር ደጃፍ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ጫንኩ። ዕድሜው ካንተ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ዩ ስትሪት ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን ሳለ ከኋላዬ ጧ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። በመስታወት ባየው በሁለት እጁ ጉልበቱን ይመታል። ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «መጀመሪያ ግራ እጄን ብቻ ስማ» አለኝ።

ግራው ቀጥ ያለ ነው። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። አንተ ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ ስትመላለስ የምትረግጠው አረጋገጥ። ማርሽ ነው በቃ፣ የሰልፍ ሙዚቃ። ከዚያ ቀኙን ጨመረበት። ቀኙ አይታዘዝም። አንዴ ቀድሞ ይገባል፣ አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ በምቱና በምቱ መሀል ሹልክ ይላል። ግን አይበላሽም። እንዲያውም ሳላስበው ትከሻዬ ተነቃነቀ። «ራግታይም ይሄ ነው» አለና ሳቀ። ስሙ ራሱ ብጥስጥሱ የወጣ ምት እንደማለት ነው።

ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ። ያቺ ማርሽ። በወጣትነትህ ሰልፍ ላይ ኖታው ውስጥ የሌለ ነገር በትራምፔትህ ጣል አድርገህ ሦስት ቀን የታሰርክባት። ስትነግረን ትስቃለህ፤ መጨረሻ ላይ ግን ሁሌ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ወታደር ከኖታ አይወጣም» ትላለህ። አባዬ፣ አንተን ያሳሰረህ ነገር እዚህ አገር ስም አለው። ሐውልትም አለው።

ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ። ስኮት ጆፕሊን የሚባል ሰው ነበር። አባቱ በባርነት የኖረ ነው። እናቱ ሰው ቤት እያጸዳች ነው ያሳደገችው፤ እሷ ስታጸዳ ልጁ የባለቤቶቹን ፒያኖ ይነካካል። እንዲህ ነው የለመደው። በ1899 ሚዙሪ ውስጥ ሴዳሊያ በምትባል ትንሽ ከተማ «ሜፕል ሊፍ ራግ» የተባለው ድርሰቱ ታተመ። ያኔ ዋናው ገበያ የወረቀት ነው፤ ሰው ኖታውን ገዝቶ ቤቱ ይጫወታል። ከአንድ ቅጂ የጆፕሊን ድርሻ አንድ ሳንቲም ነበር። ሳቅክ አይደል? ለዘመኑ ጥቁር ደራሲ ግን ድርሻ የሚባል ነገር ማግኘቱ ራሱ ብርቅ ነው።

አንተን የሚያስደስትህ ሌላ ነው። በድርሰቶቹ ኖታ ላይ ራግታይምን አፍጥኖ መጫወት መቼም ልክ እንዳልሆነ እየጻፈ ያሳትም ነበር። እኔን ክራር ስታስተምረኝ «ማን ያባርርሃል?» ትለኝ እንደነበረው ማለት ነው። በ1917 ኒው ዮርክ ውስጥ ሞተ። መቃብሩ ላይ እስከ 1974 ድረስ ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ አልነበረም።

ራግታይም የፒያኖ ነው። ያንተ መሣሪያ የገነነው ጃዝ በተወለደባት ከተማ፣ ኒው ኦርሊንስ ላይ ነው። እዚያ በባርነት ዘመን ባሮች እሁድ እሁድ ኮንጎ አደባባይ ተሰብስበው ከበሮ እንዲመቱና እንዲጨፍሩ ይፈቀድላቸው ነበር። ባርነት ከቀረም በኋላ ከተማው የማርሽ ባንድ አገር ነው፤ ለሠርጉም ለቀብሩም ትራምፔትና ትሮምቦን ይወጣል። ሁለት ዓይነት ነፊ ነበር። አንዱ ክሪዮል የሚባለው፣ ክልሱ፣ ኖታ አንባቢው፣ በትምህርት ያደገው። ሌላው በጆሮው ብቻ የሚነፋው ጥቁር። ክሪዮሎቹ ከነዚያኞቹ ጋር መቆጠር አይወዱም ነበር። በ1890ዎቹ የዘር መለያያ ሕግ ሲጠብቅ ግን ሁሉንም «ጥቁር» ብሎ አንድ ላይ ገፋቸው። ክፉው ሕግ ሳያስበው ኖታ አንባቢውንና በጆሮ ነፊውን አንድ ባንድ ውስጥ አስገባቸው። ጃዝ ከብዙ ነገር ነው የተወለደው፣ ብሉዝም የቤተ ክርስቲያን መዝሙርም አለበት፤ እኔን ግን የደነቀኝ ይሄኛው ነው።

ቀብራቸውን ብታይ! ሬሳ ሲሸኙ ባንዱ ቀስ ብሎ፣ አንገት ደፍቶ ነው የሚጫወተው። ከተቀበረ በኋላ ሲመለሱ ከበሮው ይለወጥና መንገዱ ጭፈራ ይሆናል። እማዬ ይህን ብትሰማ ታማትባለች። እኔ ግን ቀባሪው እዝን ሳይደርስ ሲጨፍር በዩቲዩብ አይቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ከተማ ሰዎች ውስጥ ልቤ ውስጥ የቀረው ባዲ ቦልደን ነው። ኮርኔት ነፊ ነው፤ ትራምፔት የሚመስል መሣሪያ ነው። ከጃዝ የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው ይሉታል፤ አነፋፉ ከሩቅ ይሰማ ነበር ይባላል። በ1907 አእምሮው ታውኮ ሆስፒታል ገባ። 24 ዓመት እዚያው ኖሮ በ1931 ሞተ። አንድም የተቀዳ ድምፅ አልተገኘለትም። አንድም! ጃዝ ተብሎ የመጀመሪያው ሸክላ የወጣው በ1917 ነው፤ የቀዱት ደግሞ ነጮች ናቸው። በዚህ ሁለት ቀን ተናድጃለሁ፣ ምን እንደሚያገባኝ እንጃ።

ወደ ሐውልቱ ልመለስ። ሽማግሌውን ከጫንኩበት ቲያትር አጠገብ ታላቁ የጃዝ ደራሲ ዱክ ኤሊንግተን ፒያኖ ሲጫወት የሚያሳይ ሐውልት ቆሟል። የዚሁ የዋሽንግተን ልጅ ነው፤ በ1899 ነው የተወለደው፣ የጆፕሊን ድርሰት በታተመበት ዓመት። ልጅ ሆኖ ሶዳ የሚቀዳበት ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ የደረሰው የመጀመሪያ ሥራው ራግ፣ ማለት የራግታይም ድርሰት ነው። ኖታ እንኳ ገና አይጽፍም ነበር። በኋላ ኒው ዮርክ ሄዶ ኮተን ክለብ ገባ፤ መድረኩ የጥቁር፣ ወንበሩ የነጭ የሆነ ቤት። እኛ ሐበሾች ቅዳሜ ቅዳሜ ክትፎ የምንበላባቸው ቤቶች እሱ ካደገበት ሰፈር ናቸው። ስንት ዓመት በሐውልቱ ሥር አልፌያለሁ፣ ቀና ብዬ አላየሁትም።

እሱ እኮ አዲስ አበባ መጥቷል። በእኛ 1966፣ አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ወራት ሲቀሩት። ጃንሆይ ኒሻን ሸልመውታል፤ ሙላቱ አስታጥቄም አብሮት ሠርቷል። ያን ጊዜ አንተ የት ነበርክ? ሰምተኸው ነበር? ወይስ ተረኛ ነበርክ? ይህን ሁሉ ዓመት ጠይቄህ አለማወቄ ገረመኝ።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ጥርስህ ከወለቀ ወዲህ ትራምፔቱ እንዳልሆነልህ አውቃለሁ። ማፏጨት ግን አላቃተህም፣ እማዬ ነግራኛለች። ያቺን ማርሽ መጀመሪያ በኖታው እንዳለችው፣ ቀጥሎ ያሳሰረችህን አድርገህ አፏጭልኝ። ትንሿ እህቴ በስልኳ ትቀዳሃለች። አጠገብህ ሬዲዮ አይኑር፣ ዶሮዎቹንም አስወጧቸው። ደግሞ አትቸኩል።

ልጅህ
ከዋሽንግተን