የክርክር ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ፦ የሂፕ ሆፕ «ወርቃማ ዘመን» መቼ አበቃ?

የክርክር ክበባችን በጥቅምት ወር 26 አባላት ይዞ ሥራ ሲጀምር፣ ዓመቱን በአንድ ርዕሰ ጉዳይ ላይ ለማሳለፍ የወሰነው በእኔ ምክር አይደለም። እኔ እንደ ወትሮው ስለ ማኅበራዊ ሚዲያና ስለ ደንብ ልብስ የተዘጋጁ ጭብጦች ይዤ ነበር የቀረብኩት። አባላቱ ግን ሂፕ ሆፕ ሃምሳ ዓመት የሞላው ትምህርት ቤት ሊከፈት አንድ ወር ገደማ ሲቀረው እንደ ነበር አስታውሰው፣ የዚህ ሙዚቃ መታጠፊያዎች የትኞቹ እንደሆኑና «ወርቃማ» የሚባለው ዘመኑ መቼ እንዳበቃ ለመከራከር በድምፅ ብልጫ ወሰኑ። እኔም እጄን ሰጠሁ።

በልደቱ ላይ ብዙ ክርክር አልተነሣም። ከጃማይካ ወደ ኒው ዮርክ የመጣው ዲጄ ኩል ሃርክ ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973) በብሮንክስ፣ እኅቱ ሲንዲ ባዘጋጀችው ድግስ ላይ ሸክላ ማጫወቱን ሁለቱም ወገኖች ተቀበሉ። ሃርክ ጨፋሪዎቹ ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበትን ቅጽበት በጉጉት እንደሚጠብቁ አስተውሎ፣ አንድ ዓይነት ሁለት ሸክላ በሁለት ማጫወቻ ላይ እያፈራረቀ ያንን ቅጽበት አስረዘመው። ሁለት የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ይህንን በሁለት ስልክ ሊያሳዩን ሞከሩ። አንደኛው ላይ ከበሮው ሲያልቅ ሌላኛው ላይ መጀመር ነበረበት። ከአሥራ አንድ ሙከራ የገጠመው አንዱ ብቻ ሲሆን፣ ያን ጊዜም ክፍሉ በጭብጨባ ስለ ተናወጠ ማንም በቅጡ አልሰማውም።

ራፕ በሸክላ ታትሞ ከሠፈር ድግስ ወደ ሬዲዮ የወጣበትን 1979ንና የድህነት ኑሮ በግልጽ መነገር የጀመረበትን 1982ን (ዘመኑ ከዚህ በኋላ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአንድ ስብሰባ አለፍናቸው። ቀሪውን ዓመት የወሰደው «ወርቃማውን ዘመን የዘጋው የአድማጭ ጣዕም ሳይሆን የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው» የሚለው ጭብጥ ነበር።

የደጋፊው ወገን መሪ የሆነችው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ክርክሯን የጀመረችው ከሁለት የራፕ ቡድኖች፣ ከፐብሊክ ኤነሚ የ1988 እና ከዴ ላ ሶል የ1989 አልበሞች ነው። ሁለቱም ከብዙ አሮጌ ሸክላዎች በተቆራረጡ ድምፆች የተገነቡ ናቸው። በታኅሣሥ 1991 ግን ራፐሩ ቢዝ ማርኪ ያለ ፈቃድ ሳምፕል አድርጎ (ከሌላ ሰው ሸክላ ድምፅ ቆርጦ በራሱ ዘፈን ውስጥ አስገብቶ) በተከሰሰበት ጉዳይ፣ አንድ የኒው ዮርክ ፌዴራል ዳኛ ውሳኔያቸውን «አትስረቅ» በሚለው የኦሪት ትእዛዝ ከፈቱት። ተማሪዋ ይህን ስታነብ ተቃዋሚዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዷ ቁራጭ ፈቃድ መጠየቅና መክፈል ግድ ሆነ፤ እንደ ቀድሞው አንድን ዘፈን ከብዙ ሸክላ መሥራት የሚቻለው የኪሱ አቅም ለፈቀደለት ብቻ ሆነ። የዴ ላ ሶል የመጀመሪያዎቹ አልበሞች በኢንተርኔት የሙዚቃ ማሰራጫዎች ላይ የወጡት እኛ ክርክሩን ከመጀመራችን ሰባት ወራት በፊት፣ በመጋቢት 2023 መሆኑንም በማስረጃነት አቀረበች።

ቀጥላም ነገሩን ወደ አገር ቤት አመጣችው። አያቶቻችን የሙዚቃችን ወርቃማ ዘመን የሚሉት የንጉሡ መጨረሻ ዓመታት ያበቃው ሰው ዘፈን ስለ ሰለቸው አይደለም፤ ሰዓት እላፊ ታውጆ የምሽት ክበቡ ስለ ጨለመ ነው አለች። በዓመቱ ከሰማሁት ሁሉ ብርቱው ሙግት ይህ ነበር፤ ሆኖም ቀዳዳ አለው። ሰዓት እላፊ በሩን ይዘጋል፣ የዳኛው ውሳኔ ግን የመግቢያውን ዋጋ ነው ያስወደደው።

ተቃዋሚዎቹ የገቡትም በዚሁ ቀዳዳ ነው። የራፕ ቡድኑ ዉ ታንግ ክላን በኅዳር 1993፣ ራፐሮቹ ናስ በሚያዝያ 1994፣ ኖቶሪየስ ቢ.አይ.ጂ. በመስከረም 1994 የመጀመሪያ አልበሞቻቸውን ያወጡት ከውሳኔው በኋላ ነው። ራፐሩና አቀናባሪው ዶክተር ድሬም በ1992 መጨረሻ ባወጣው አልበም የድሮ ዜማዎችን ከሸክላ በመቁረጥ ፈንታ በሙዚቀኞች እንደ ገና አስጫውቷል። ከዚያ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ተነሥታ «ወርቃማ ያለው ማነው?» ስትል ጠየቀች። ከደቡባዊቷ የአሜሪካ ከተማ ከአትላንታ የመጡት ሁለቱ ራፐሮች አውትካስት በ1995 ኒው ዮርክ ውስጥ ሲሸለሙ ታዳሚው አጉረመረመባቸው፤ ከሁለቱ አንዱ አንድሬ ግን ደቡብም የሚናገረው እንዳለው በዚያው መድረክ አስታወቀ። በ2004 የግራሚን የዓመቱ አልበም ሽልማት ወሰዱ። እሷ እንደምትለው ዘመኑ አበቃ የሚሉት ኒው ዮርክን ብቻ የሚሰሙ ናቸው።

በግንቦት ናስና የሬጌ ዘፋኙ ዴሚያን ማርሊ በ2010 በጋራ ካወጡት አልበም የመክፈቻውን ዘፈን በድምፅ ማጉያ ለቀቅነው። ከሥሩ የሚሰማው የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ነው፤ ከኋላ ወንበር «ይሄማ የኛ ነው!» የሚል ድምፅ ወጣ። ሙላቱ ከዘፈኑ ደራሲዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ተቃዋሚዎቹም የዘፈን ባለቤትን ስም የሚያስከብር ሕግ ዘመን ዘጊ ተብሎ እንዴት ይከሰሳል ሲሉ ጠየቁ። የደጋፊው ወገን ለዚህ አጥጋቢ መልስ አላገኘም።

አንድ ጉድለት መመዝገብ አለበት። የ1979ኙን ሸክላ ያሳተመችው ሲልቪያ ሮቢንሰን በአንድ ዓረፍተ ነገር ታለፈች፤ ራፐርና ዘፋኟ ሎረን ሂል ደግሞ ጭራሽ አልተነሣችም። የስብሰባዎቹን ቅደም ተከተል ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ለተቃዋሚው ወገን ፈረዱ። የደጋፊው ወገን መሪ በማግስቱ ግማሽ ገጽ የጽሑፍ ይግባኝ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። ይግባኝ የሚታይበት ደንብ ስለሌለን ወረቀቱን በክበቡ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ እስከ አሁን ሦስት ተማሪዎች በኅዳጉ ላይ መልስ ጽፈውበታል።