ሳጥኖቹን ገና አታከፋፍያቸው

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሳልሽስ እንዴት አደረገሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

እህቴ ደውላ፣ የኮሌጅ ዘመንሽን ሳጥኖች አስወርደሽ ልብሱንም መጽሐፉንም ካሴቱንም ለሰው ማደል እንደጀመርሽ ነገረችኝ። ለምን አሁን ብዬ ልጠይቅሽ ነበር፤ በስልክ ስጠይቅሽ ወሬውን ወደ ሌላ ስለምታዞሪው ተውኩት። ይልቅ የልጅ ልጅሽን ነገር ላውራሽ።

ኮሌጅ ከገባች ወዲህ የምትወደው ሁሉ ያንቺ ዘመን ነገር ሆኗል። የፈለገችው ዘፈን ስልኳ ላይ እያለ ካሴት ትሰበስባለች። ካሴት ላይ ዘፈን መዝለል ስለሚያስቸግር አንዱን ገጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትሰማለች፤ ከየትኛው ዘፈን ቀጥሎ የትኛው እንደመጣ ታስተውላለች። መጽሐፍ ስታነብ እርሳስ ከእጇ አይለይም፤ ቀድሞ ያነበበው ሰው ዳር ዳሩን የጻፈበት አሮጌ ቅጂ ካገኘችማ አዲሱን ዞር ብላም አታየው። ልብስም እንደዚያው ነው፤ ትከሻው የጎላ ኮት፣ ወገቡ ከፍ ብሎ ከጉልበት በታች የሚሰፋ ሱሪ። ስለዚህ ሳጥኖችሽ ባለቤት አላቸው። እስክትመጣ ድረስ አያያዙን ልጻፍልሽ፤ ሥራውን ግን እህቴ ትሥራው።

ከካሴቶቹ ልጀምር። ዝም ተብሎ ቴፕ ውስጥ አይከተቱም። መጀመሪያ በመስኮቷ በኩል የክሩ ጥቅል ይታይ። ጠርዙ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነውና ለብቻው ይቀመጥ፤ ያ ካሴት ከተጫወተ ቴፑን በክሎ ወደ ሌሎቹም ያስተላልፋል። ንጹሕ የሆነው ደግሞ በእርሳስ ተዙሮ የላላው ክር ይጥበቅ፤ ካሴት የሚበላው ብዙውን ጊዜ ክሩ ላልቶ ሳለ ስለሚጫወት ነው። ቀጥሎ፣ ክሩ በሚታይበት ክፍት በኩል መሐል ላይ ያለችውን ትንሽ ስፖንጅ ትመልከት። ክሩን ከቴፑ ሄድ፣ ማለትም ድምፁን ከክሩ ላይ ከሚያነበው ክፍል፣ ጋር የምታስጠጋው እሷ ናት። ማጣበቂያዋ ሲደርቅ ትወድቃለች፣ ያኔ ድምፁ ይደክማል፣ ይታፈናል። ካሴቱ ግን አልሞተም። ቅርፊቱ በብሎን የታሰረ ከሆነ ተፈትቶ ከማይፈለግ ካሴት ላይ ስፖንጅ ይዛወርለታል። በሌላ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶችም ይሰበሩ፤ ማንም ተሳስቶ እንዳይቀዳበት።

ቴፑንም ማጽዳት አለባት። ሄዱ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በጥጥ ይጠረግ፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ መውጣቱ እስኪያቆም ድረስ። የጎማዋን መሽከርከሪያ ግን አልኮል ስለሚያደርቃት በእርጥብ ጨርቅ ብቻ። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ድምፁ ከታፈነ፣ ሄዱ አጠገብ ያለችው ትንሽ ብሎን በጣም በጥቂቱ ትዞር። ካሴቱ የተቀዳበት ማሽን የሄዱ አቀማመጥ ከዚህኛው ይለይ ይሆናል፤ ቀጭኑ ድምፅ ጥርት ብሎ ሲሰማ እዚያው ላይ ትቁም።

ወደ ኮምፒውተር የሚገለበጠው በገመድ ነው፣ ስልክ ስፒከሩ ፊት አስቀምጦ አይደለም። በሲዲ ጥራት ልክ ይሁን፦ 44.1 ኪሎ ኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው በዌቭ ፋይል። የ90 ደቂቃ ካሴት 90 ደቂቃ ይፈጃል፣ ማፋጠን አይቻልም፤ ቦታውም ከ900 ሜጋባይት ትንሽ ይበልጣል። ድምፁ ከፍ ሲል መለኪያው ከዜሮ በ6 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይቅር፤ ከልኩ አልፎ የተቀዳ ድምፅ በኋላ አይታከምም። ዶልቢ የሚለውን፣ የክሩን የሹሹታ ድምፅ የሚቀንሰውን ቁልፍ፣ ካሴቱ በዶልቢ ካልተቀዳ አትንካው፤ ከነካችው ቀጭኑን ድምፅ ይበላዋል።

ይህን ስጽፍ የራሴ ካሴቶች ትዝ አሉኝ። ኮሌጅ ሳለሁ "ከትምህርት ያናጥባሉ" ብለሽ ለጎረቤት ልጆች የሰጠሻቸው። እንኳን ለእነሱ ደረሱ። ያንቺ ግን ተቆልፎባቸው፣ በስማቸው በስማቸው ተጽፎባቸው ይህን ሁሉ ዘመን ተቀምጠዋል። እኔን እንደዚያ ስትቆጪኝ አንቺም በኔ ዕድሜ እንደዚያው እንደነበርሽ አንድ ቀን እንኳ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? አብረን እንሰማቸው ነበር። አልተቀየምኩሽም፣ ግን አልረሳሁትም።

መጽሐፎቹ ይህን ያህል አያስቸግሩም። ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ አይጋደሙ፤ ሲወጡ ከጀርባቸው ጫፍ ሳይሆን ግራና ቀኙ ተይዞ። የተገነጠለ ቅጠል በስኮች አይለጠፍ፤ ስኮች ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል፣ ወረቀቱንም ያበላሻል። ነጭ ኮላ በቅጠሉ የውስጥ ጠርዝ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ተቀብቶ ከቦታው ይግባ፣ ከላይ ከባድ ነገር ተጭኖበት ይደር። ዳር ዳሩ ላይ የጻፍሽውን ደግሞ ማንም በላጲስ እንዳይነካው። ልጅቷ ከመጽሐፉ ይልቅ የምትጓጓው ለእሱ ነው።

የሱፍ ካፖርትሽን ብል እንዳይጨርሰው እሰጋለሁ። ልብሱን የሚበላው የምትበረው ሳትሆን ትሏ ናት፤ ላብና እድፍ ያለበትን ትመርጣለች፤ ስለዚህ ሳይጸዳ አይታጠፍ። ቀዳዳ ካለው በፌስታል አየር እንዳያስገባ ተደርጎ ታስሮ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ከወጣ በኋላም አንድ ቀን ሙሉ አይከፈት፤ ወዲያው ከተከፈተ ጤዛው ልብሱ ላይ ያርፋል። ናፍታሌን ግን በፍጹም፤ ለሳንባ አይሆንም። ሲተኮስም እርጥብ ጨርቅ ከላይ ይደረግበት፣ አለዚያ ሱፉ ያብለጨልጫል።

ልኩን ደግሞ ትላክልኝ። ካፖርቱ ተቆልፎ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ከብብት እስከ ብብት ይለካ፤ 52 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የደረቱ ዙሪያ 104 ነው። የልጅቷ ደረት ከዚያ ቢያንስ በ10 ሳንቲ ሜትር ካላነሰ ከውስጥ ሹራብ አያስለብስም። የትከሻው ስፋትም አይረሳ። ወገብና እጅጌ ማንኛውም ልብስ ሰፊ ያስተካክለዋል፣ ትከሻ ግን ከባድ ነው።

አንቺ አቧራው አጠገብ እንዳትደርሺ። ወንበር ላይ ወጥተሽ ሳጥን እንዳታወርጂ። ሻጋታ የነካውን ነገር እህቴ አፏን ሸፍና ውጭ ታጽዳው።

ሐኪሙ ያዘዘው የደረት ራጅ ውጤት ደርሷል አሉ። "ደህና ነው" ብለሽኛል፤ ደህና ከሆነ ሳጥኖቹ ለምን ይከፋፈላሉ? ውጤቱን እህቴ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፣ ሙሉውን ገጽ፣ ከታች ያለውን ጽሑፍ ሳትቆርጥ። የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደሆነም ጻፊልኝ፤ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ፣ ልጅቷም ፈተናዋን ከጨረሰች አብራኝ ትመጣለች።

ልጅሽ