ስለ ላፕቶፕዎና ስለ ፓታያ ጡረተኞች ለአባቴ የተጻፈ ደብዳቤ

ፓታያ፣ ታይላንድ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እርስዎ፣ እናቴና መላው ቤተሰብ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይክበር ይመስገን፣ በጣም ደኅና ነኝ። እዚህ ዝናቡ አብቅቶ፣ አውሮፓውያኑ የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው የሚጎርፉበት ወቅት ስለ ገባ ሆቴሉ ሞልቷል፤ የእኔም ሥራ በዚያው ልክ በዝቷል። «ላፕቶፔ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ አብቅቷል ይለኛል፤ እውነት ነው? አዲስ ልግዛ ወይ?» ብለው በስልክ ለጠየቁኝ ጉዳይ መልሱን በጽሑፍ ማድረግ የመረጥኩት ግን እርስዎ የተጻፈን ነገር ደጋግመው አንብበው፣ አስምረውበትና አስበውበት መወሰን እንደሚወዱ ስለማውቅ ነው።

ላፕቶፕዎ ላይ የሚወጣው ማስታወቂያ የአጭበርባሪ ሥራ አይደለም፤ እውነተኛ ነው። በፈረንጆቹ ሐምሌ 2015 የወጣው ዊንዶውስ 10፣ ማለትም ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም፣ ከሠሪው ከማይክሮሶፍት ያገኝ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ይሁን እንጂ ድጋፉ አበቃ ማለት ማሽኑ ሥራ አቆመ ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉልኝ። የእድሩን መዝገብ ትናንት እንደከፈቱት ነገም ይከፍቱታል። የቆመው በየወሩ ይመጣ የነበረው የደኅንነት ማሻሻያ ነው፤ ይህም ማለት ሌቦች በፕሮግራሙ ውስጥ አዲስ ቀዳዳ ባገኙ ቁጥር ቀዳዳውን የሚደፍን አይኖርም፣ ጊዜው በገፋ መጠንም ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘው ማሽንዎ ለአደጋ ይበልጥ ይጋለጣል ማለት ነው። እንግዲህ የሱቁ ልጅ «ይህ ከእንግዲህ ዕቃ አይደለም፣ አዲስ ይግዙ» ያለዎት ነገሩን ከግማሹ ጀምሮ ነው። እርግጥ ነው፣ እርሱም ሻጭ ነው።

ወደ ዊንዶውስ 11 ለማለፍ ማሽኑ ሊያሟላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ከእነዚህ ዋናዎቹ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልና፣ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር (የማሽኑ አንጎል) ናቸው። ወንድሜ ያመጣልዎት ላፕቶፕ ሰባተኛ ትውልድ ስለሆነ፣ ፍጥነቱ ለእርስዎ ሥራ ከበቂ በላይ ቢሆንም፣ በሕጉ አያልፍም። በጎን በር የሚያስገቡ ዘዴዎች እንዳሉ ማንም የመንደር ቴክኒሻን ይነግርዎታል፤ ነገር ግን በዚያ መንገድ የገባ ማሽን ወደፊት ማሻሻያ ለማግኘቱ ዋስትና የለውም፤ ስለዚህ እኔ አልመክርዎትም።

ደግነቱ አንድ ዓመት ተጨምሯል። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ የደኅንነት ማሻሻያ አዘጋጅቷል። የማይክሮሶፍት አካውንት ኖሮት የማሽኑን ቅንብር ወደዚያ አካውንት የሚያስቀምጥ ሰው በነፃ ይመዘገባል፤ አለበለዚያ 30 ዶላር ያስከፍላል። የመመዝገቢያው መስመር የሚገኘው በራሱ በማሻሻያው ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ወደ ገበያ የሚያስሮጥዎ ምክንያት የለም። ከመመዝገቡም በፊት መደረግ ያለበት ሌላ ነገር አለ፤ ይህን ደብዳቤ ያስረዘመውም እርሱ ነው። ነገሩን የተማርኩት እዚህ ካሉት ጡረተኞች ስለሆነ ጥቂት ስለ እነርሱ እንዳጫውትዎ ይፍቀዱልኝ።

ፓታያ ከባንኮክ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። የዓሣ አጥማጆች መንደር ሳለች በቬትናም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ወታደሮች ለዕረፍት ይመጡባት ጀመር፤ የዛሬው መልኳም፣ ጥሩውም መጥፎውም፣ ከዚያ የተወለደ ነው። ስለ ሌሊቷ የሚወራውን እርስዎም ሳይሰሙት አልቀሩም፤ እኔ የምኖረው ግን ወደ ደቡብ፣ ጆምቲየን በሚባለው ረጋ ያለ ሰፈር፣ ጡረታ የወጡ እንግሊዞች፣ ጀርመኖች፣ ኖርዌጂያኖችና ሩሲያውያን በሞሉበት ሕንፃ ውስጥ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ ዳርቻውን ተከትለው ይመላለሳሉ፤ ከዚያ ቡና ይዘው ይቀመጡና ወሬያቸው ስለ ሦስት ነገር ብቻ ይሆናል፦ ስለ ምንዛሪ፣ ስለ ጤና መድንና ስለ ኢሚግሬሽን።

ኑሯቸው ከሩቅ እንደሚታየው ቀላል አይደለም። በጡረተኝነት ለመኖር ዕድሜ 50 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ በታይ ባንክ 800,000 ባት (የታይ ገንዘብ) ማስቀመጥ ወይም በየወሩ 65,000 ባት ገቢ ማሳየት ያስፈልጋል። ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፣ በየ90 ቀኑም «አድራሻዬ ይኸው ነው» ብሎ ማስታወቅ ግዴታ ነው። መሬት በስማቸው መግዛት አይችሉም፤ በኮንዶሚኒየምም ቢሆን የውጭ ሰዎች ድርሻ ከሕንፃው ወለል 49 በመቶ ማለፍ የለበትም። የእንግሊዞቹ ደግሞ ከሁሉም ያሳዝነኛል፤ አገራቸው የመንግሥት ጡረታን በየዓመቱ ስትጨምር ታይላንድ ለሚኖር ዜጋዋ ግን ጭማሪውን አትሰጥም፤ ስለዚህ ከመጣ ሃያ ዓመት የሆነው ሰው ዛሬም የሚከፈለው ያኔ የነበረውን ያህል ነው። እርስዎ በጡረታዎ ማነስ ሲያማርሩ እነዚህን ሰዎች ባስታውስዎ እንደማይቆጡኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ይህ ሁሉ የሚካሄደው በኮምፒውተርና በስልክ ነው። የጡረታ ገንዘባቸው የሚመጣው፣ ባንካቸው ከአውሮፓ የሚያናግራቸው፣ የ90 ቀኑ ማስታወቂያም የሚላከው በዚያው ነው። የእኔ የሥራ ፈቃድ ለሆቴሉ ብቻ የተሰጠ ስለሆነና ሕጉም ጥብቅ ስለሆነ የጥገና ሥራ ተቀብዬ ገንዘብ አልነካም፤ ነገር ግን ጎረቤት ናቸውና ሲቸግራቸው በሬን ያንኳኳሉ።

ከእኔ ፎቅ በላይ የሚኖሩ፣ ባለቤታቸው የሞተችባቸው አንድ ጀርመናዊ አዛውንት «አዲሱ ዊንዶውስ ማሽኔን ገደለው» ብለው ላፕቶፓቸውን አቅፈው መጡ። ገልብጬ ካቻቢቴ ሳስገባ የታችኞቹ ብሎኖች በባሕሩ ጨዋማ አየር ዝገው አልፈታ አሉኝ። ክዳኑ ሲነሣ ጥቃቅን ጉንዳኖች በማራገቢያው ሥር ሰፍረው፣ ነጫጭ ዕንቁላላቸውን በሙቀት ማውጫው ክንፎች መካከል ደርድረው፣ ዳርዳሩም በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍኖ አገኘሁት። አየር መውጫ ያጣው ማሽን ይግልና ራሱን ያጠፋል። ሶፍትዌሩ ጥፋት አልነበረበትም። ጠርገን ስናስነሣው ግን እውነተኛው ችግር ብቅ አለ፤ ማሽኑ ዲስኩ ስለ ተመሰጠረ የመክፈቻ ቁልፍ አምጡ አለን። አዲሱ ዊንዶውስ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲጫን አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩን በራሱ ይመሰጥራል፣ ቁልፉንም እዚያው አካውንት ውስጥ ያኖረዋል። አካውንቱን የከፈቱት ሟች ባለቤታቸው ነበሩ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ የለም፤ የማረጋገጫው ቁጥር የሚላከውም ከሞቱ በኋላ ወደተዘጋ ስልክ ነው።

እኒያ ሰው ዝም ብለው ማያ ገጹን ሲያዩ ቆዩ። የባንክ ወረቀቶቻቸውን ከባንኩ ዳግመኛ ማግኘት ችለዋል። የሠላሳ ዓመት ፎቶግራፎቻቸው ግን እስከ አሁን በዚያ ዲስክ ውስጥ ተቆልፈው ይገኛሉ።

ስለዚህ፣ አባቴ፣ ማሻሻያው ሁለተኛ ይሁን። በመጀመሪያ የእድሩን መዝገብ፣ ደብዳቤዎችዎንና ፎቶግራፎቹን በሁለት ፍላሽ ላይ ይገልብጡና አንዱን ለእህቴ ይስጧት። ቀጥሎ ለምዝገባው የሚከፈተው አካውንት በራስዎ ስም ይሁን፤ የሱቁ ልጅ «በእኔ ኢሜይል ልክፈትልዎት፣ ቶሎ ያልቃል» ቢልዎ እሺ እንዳይሉ። የኢሜይል አድራሻውንና የይለፍ ቃሉን በደብተር ላይ በእጅዎ ጽፈው የቤቱ ካርታ ካለበት ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡ። የይለፍ ቃል በወረቀት አይጻፍም የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ለመሥሪያ ቤት እውነታቸውን ነው፣ ለእርስዎ ቤት ግን ከሌባ ይልቅ መርሳት የሚያሰጋ ይመስለኛል። እህቴም ደብተሩ የት እንዳለ ትወቅ።

የአማርኛ ጽሑፎችዎ ለብቻቸው ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ የጻፉበት የቀድሞው የግዕዝ ፎንት የተሠራው ዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ሥርዓት፣ ሳይለመድ ነው። በዚያ ዘመን ፎንቶቹ የእኛን ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡት ስለነበር፣ ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ላይ ደንቡ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። የኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍ በማንኛውም አዲስ ማሽንና ስልክ ላይ ይነበባል። ስለዚህ አሮጌው ማሽን ገና በሕይወት ሳለ ሰነዶቹን ሁሉ በፒዲኤፍ ያስቀምጡልኝ፤ ቀስ ብለን በዩኒኮድ እንገለብጣቸዋለን። የእህቴ ልጅ ፈጣን ተየቢ ስለሆነች ክረምት ላይ ብትይዘው አይከብዳትም።

ስለ መዝገቡም አንድ ነገር ልጨምር። የላኩልኝን የኤክሴል ሰንጠረዥ ስመለከት የመዋጮው ቀናት ቅደም ተከተላቸው የተዛባው ለምን እንደሆነ ገባኝ። ኤክሴል የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። 05/02/2018 ብለው ጥቅምት 5ን ሲጽፉ የፈረንጅ ቀን ነው ብሎ ይወስደዋል፤ 30/02/2018 ሲጽፉ ደግሞ በፈረንጅ የካቲት 30 ስለሌለ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል፤ ከዚያ በቀን ሲደረድር ሁለቱን ይለያያቸዋል። መፍትሔው ዓምዱን በሙሉ አስቀድሞ «ጽሑፍ» ማድረግና ዓመቱን አስቀድሞ፣ ወሩን አስከትሎ መጻፍ ነው። ታይዎቹም የራሳቸው ዘመን አላቸው፤ የፈረንጁ 2025 ለእነርሱ 2568 ነው። ነገር ግን ወራቱና ቀናቱ ከፈረንጁ ጋር አንድ ስለሆኑና ልዩነቱ 543 ዓመት መደመር ብቻ ስለሆነ ኮምፒውተሩ አይቸገርበትም። እኛ 13 ወር ያለን ሰዎች ግን በዚህ ብቻችንን ነን፤ እኔም አንዳንዴ ኩራት፣ አንዳንዴ ንዴት ይሰማኛል።

በሆቴላችንም ይህንኑ የማሻሻል ሥራ እንግዳ በሚቀንስበት በዝናቡ ወራት ጨርሰነዋል። የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተሮች የእያንዳንዱን የውጭ እንግዳ ፓስፖርት መዝግበው በ24 ሰዓት ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማስታወቅ ስላለባቸው ለረጅም ጊዜ ማቋረጥ አይቻልም፤ ስለዚህ የምንሠራው ሌሊት፣ የቀኑ ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ ነበር። አብሮኝ የሚሠራው የታይ ባልደረባዬ ሥራ ከመጀመራችን በፊት ታይዎች በግቢያቸው ለመናፍስት ከሚያቆሟት ትንሽ ቤት ዘንድ ዕጣን ያጨስ ነበር። ይህን ሲያነቡ እንደሚያማትቡ አውቃለሁ፤ እኔም በበኩሌ በስመ አብ ብዬ ነው የምጀምረው። ከሁለታችንም ጸሎት በላይ የረዳን ግን አስቀድመን ሁሉንም መገልበጣችን ይመስለኛል፤ አንዱ የፓስፖርት ማንበቢያ መሣሪያ ከአዲሱ ዊንዶውስ ጋር አልስማማ ሲል፣ ንጋት ሳይሆን ወደ ቀድሞው መልሰነዋል።

የጾሙን ነገር እናቴ ጠይቃኝ ነበር። አትክልት ሞልቷል፤ ችግሩ የዓሣ መረቅ የማይገባበት ምግብ ማግኘቱ ስለሆነ በቤቴ አበስላለሁ፤ የላከችልኝ ሽሮም ገና አላለቀም። ይህን ይንገሩልኝ፤ እጅ ነሥቻለሁም ይበሉልኝ።

እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ በእናንተ 5 ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ እዚህ 9 ሰዓት ስለሚሆን ከሥራ ወጥቼ እጠብቃለሁ። ላፕቶፑን ቻርጅ አድርገው፣ ሁለቱን ፍላሾችና ደብተሩን አጠገብዎ አድርገው ይቆዩኝ። እህቴም ብትኖር መልካም ነው፤ ምክንያቱም አካውንቱን ስንከፍት የማረጋገጫ ቁጥር በስልክ ይላካል፣ የማን ስልክ እንደሚመዘገብም ያኔ አብረን እንወስናለን።

አክባሪ ልጅዎ