ግራና ቀኝ የማን ነው?

ውድ ልጄ፣

አናቶሚው፣ ያ የሰውነት አወቃቀር ትምህርት፣ እንዳስጨነቀሽ ከድምፅሽ ገብቶኛል። 206 አጥንት ሸምድጂ ሲባል ማን ደስ ይለዋል? ግን እኮ ከግማሽ በላዩ ዓይንሽ ሥር ነው። ከእጅ አንጓ እስከ ጣት ጫፍ 27፣ ከቁርጭምጭሚት በታች 26 ነው። በሁለቱም ጎን ሲደመር 106። የራስሽን እጅ እየዳበስሽ አጥኚ።

ይልቅ አንድ ነገር አደራ፤ ግራና ቀኝ የታካሚው እንጂ ያንቺ አይደለም። መጽሐፉ የሚያወራው ቀጥ ብሎ ስለቆመ፣ ፊቱን ወደ አንቺ ስላዞረ፣ መዳፎቹን ወደ ፊት ስለከፈተ ሰው ነው። ሰውየው በሆዱ ቢተኛም ስያሜው አይቀየርም። ኤክስሬይ ላይም የልቡ ጥላ ወደ አንቺ ቀኝ ያደላል፤ ለእሱ ግን ግራው ነው። ይሄ ቀልድ አይደለም። ጤነኛው ኩላሊት ወጥቶ የታመመው የቀረባቸው ሰዎች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ደህንነት ማረጋገጫ ቅጽም ሰመመን ከመሰጠቱ በፊት የሚቀደደው ቦታ ምልክት ተደርጎበት እንደሆነ ይጠይቃል።

የሰውነት ሥርዓቶችን ለየብቻ ማስተማራቸው ለኔ ብዙም አይዋጥልኝም። የደም ዝውውር ሰኞ፣ አተነፋፈስ ማክሰኞ! ሰውነት ውስጥ እኮ ሁሉም ጎረቤት ነው። የግራው ሳንባ ለልብ ቦታ ስለለቀቀ ሁለት ክፍል ብቻ ነው ያለው፤ ቀኙ ሦስት። ቀኙ ኩላሊት ከግራው ትንሽ ዝቅ የሚለው አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝነው ጉበት ከላዩ ስለተንሰራፋ ነው።

ክሊኒክ ውስጥ ደግሞ ይሄ እንጀራችን ነው። ሕፃን ልጅ ሽንብራ እየበላ ትን አለው እንበል። ሳሉ ቢበርድም ትንፋሹ ሲር ሲር ይላል። ስቴቶስኮፑን መጀመሪያ የት ታደርጊያለሽ? እኔ ቀኝ ደረቱ ላይ ነው የማደርገው። ወደ ቀኝ ሳንባ የሚሄደው የአየር ቧንቧ ከግራው ሰፋ፣ አጠር፣ ቀጥ ያለ ስለሆነ የገባው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያ ይንሸራተታል። ግራውንም ግን አዳምጪ፤ «አብዛኛውን ጊዜ» ማለት ሁልጊዜ ማለት አይደለም። አንዱ ጎን አየር ሳይገባበት ጭር ካለ ወይም ካፏጨ ጊዜ አታባክኚ፣ ወደ ሆስፒታል ላኪው።

እሑድ ስትደውዪ ጣፊያ ከእነማን ጋር እንደምትዋሰን እጠይቅሻለሁ። ሽሮና በርበሬ በአክስትሽ በኩል ልኬልሻለሁ፤ ሽሮውን ከክፍል ጓደኞችሽ ጋር ተካፈዪው።

እናትሽ